አሮጌው ኮምፒውተር ሁለቱንም ይችላል፦ «አንዱን ምረጡ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በባሕር ዳር ተማሪዎችና ጥገና ቤቶች መካከል በቅብብል የሚነበብ አንድ ጽሑፍ አለ። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ በቆየ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስን አብሮ መጫን ከንቱ ድካም ነው። ዲስኩ ከአራት በላይ አይከፈልም፤ ሊኑክስ ከዲስኩ መጀመሪያ ከራቀ አይነሣም፤ ዊንዶውስ በድጋሚ ሲጫን ሊኑክሱን ያጠፋዋል፤ ሰዓቱ እየተዛባ የማዘርቦርድ ባትሪ ያስለውጣል። የግድ ያለው ሰው ዲስኩን ጂፒቲ ወደሚባለው አዲሱ የአከፋፈል ሠንጠረዥ ይቀይር፤ ከዚያ በፊት የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ገልብጦ ያስቀምጥ፣ ምንም ቢመጣ በእሱ ይመለሳል። ይህን ካልፈለገ አዲስ ላፕቶፕ ይግዛ።

ጸሐፊው ሥራውን የማያውቁ ሰው አይደሉም። የሚጠቅሷቸው የስሕተት መልእክቶች በእውነት ስክሪን ላይ የሚወጡ ናቸው። የማልስማማው የእያንዳንዱን ገደብ ምክንያት ሳይለዩ ሁሉንም «አሮጌ ስለሆነ ነው» ብለው ማለፋቸው ላይ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንነሣ።

ኮምፒውተር ሲበራ ዲስኩን የሚያነበው አንድ ፕሮግራም ብቻ አይደለም፤ ተራ በተራ የሚቀባበሉት ናቸው። መጀመሪያ ባዮስ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስነሻ ፕሮግራም፣ የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር (ዲስኩ የሚነበብበትን ትንሹን ቁራጭ) ያነባል። እዚያ ያለው አጭር ኮድ ቡት ሎደሩን (ሲስተሙን የሚያስነሣውን ፕሮግራም) ይጠራል። ቡት ሎደሩ በበኩሉ የሊኑክሱን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ከዲስክ ወደ ሚሞሪ ያመጣል፤ ይህን የሚያደርገው ግን አሁንም ባዮስን እየጠየቀ ነው። ከርነሉ አንዴ ከተነሣ በኋላ ባዮስን ትቶ በራሱ ድራይቨር ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ስለዚህ «አይነሣም» ሲባል የሚቀጥለው ጥያቄ «ማን ነው ማንበብ ያቃተው?» የሚል መሆን ነበረበት። ጸሐፊው ይህን ጥያቄ አንድም ቦታ ላይ አላነሡም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። «አዲስ ግዙ» የሚለው ምክር እዚህ ከተማ ለማን እንደሚጠቅም አልገባኝም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የሚማረው ልጅ ለፕሮግራሚንግ ሊኑክስ ያስፈልገዋል። ማታ በዚያው ላፕቶፕ የቤተሰቡን ሱቅ ሒሳብ በፒችትሪ ይሠራል፤ እኅቱ በፓወር ግዕዝ ማመልከቻ ትጽፍበታለች። ላፕቶፑም ከውጭ ያገለገለ የመጣ ነው። እንዲህ ላለው ቤት ሁለት ሲስተም ቅንጦት አይደለም።

አሁን ወደ ነጥቦቹ። «ዲስኩ ከአራት በላይ አይከፈልም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የድሮው የፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ሠንጠረዥ በዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ውስጥ ይኖራል። ሴክተሩ 512 ባይት ነው፦ 446ቱ የማስነሻ ኮድ፣ 64ቱ ሠንጠረዡ፣ የመጨረሻዎቹ 2 መለያ ምልክት። አንድ ፓርቲሽን ለመመዝገብ 16 ባይት ስለሚያስፈልግ በ64 ባይት ውስጥ የሚገባው አራት ብቻ ነው። ይህ አሠራር በ1983 እ.ኤ.አ. ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር የመጣ ነው፤ ያኔ 10 ሜጋ ባይት ዲስክ ያለው ሰው እንደ ሀብታም ይታይ ነበርና አራት መስመር የሚያልቅበት አይመስልም ነበር።

ነገር ግን መውጫው የተገኘው ገና ድሮ ነው። የቀበሌ ቅጽ አራት መስመር ብቻ ቢኖረውና ቤተሰቡ ሰባት ቢሆን ጸሐፊዋ በአራተኛው መስመር ላይ «ቀሪው በተያያዘው ወረቀት» ብላ ትጽፋለች እንጂ ሦስቱን ልጆች ከመዝገብ አታስወጣም። ኤክስቴንድድ ፓርቲሽን የሚባለውም ይኸው ነው፦ ከአራቱ መስመሮች አንዱን ይይዝና በውስጡ ሎጂካል የሚባሉ ብዙ ክፍልፋዮችን ያስተናግዳል። ሊኑክስ በሎጂካል ላይ ቢቀመጥ ቅር አይለውም፤ ሥሩም (ሲስተሙ ራሱ የሚጫንበት)፣ ስዋፑም (የሚሞሪ ማገዣው)፣ የግል ፋይሉም እዚያ ሊሆኑ ይችላሉ። የግድ ፕራይመሪ፣ ማለትም ከአራቱ መስመሮች በአንዱ በቀጥታ የተመዘገበ ክፍል፣ የሚፈልገው ዊንዶውስ ነው፤ እሱም የማስነሻ ፋይሎቹን ለሚያስቀምጥበት አንድ ክፍል ብቻ። በነገራችን ላይ ሊኑክስ የመጀመሪያውን ዲስክ ኤስዲኤ ብሎ ክፍሎቹን በቁጥር ይጠራል፤ ከ1 እስከ 4 ያሉትን ቁጥሮች ለአራቱ መስመሮች ስለሚይዝ የሎጂካሎቹ ቆጠራ ከ5 ይጀምራል። «ኤስዲኤ 2 አለ፣ ኤስዲኤ 5 አለ፣ 3 እና 4 የት ገቡ?» ብላችሁ የተደናገጣችሁ ካላችሁ፣ የጠፋ ነገር የለም።

እውነተኛው ወጥመድ ሌላ ቦታ ነው፤ ጸሐፊው ግን ሳያዩት አልፈዋል። በዊንዶውስ 7 ዘመን ከፋብሪካ የወጡ ብዙ ላፕቶፖች አራቱንም መስመር ሞልተው ነው የመጡት፦ 100 ሜጋ ባይት አካባቢ የሆነ የሲስተም ክፍል፣ ሲ ድራይቭ፣ የፋብሪካው መመለሻ፣ አንድ ትንሽ የመመርመሪያ መሣሪያዎች ክፍል። ለኤክስቴንድድ የሚሆን መስመር አልቀረም። ሰውየው ሲን አሳንሶ 100 ጊጋ ባይት ባዶ ቦታ ያወጣል፤ የሊኑክሱ ጫኝ ግን «መጠቀም አይቻልም» ይለዋል። ግራ ሲገባው ወደ ዊንዶውስ ተመልሶ በዲስክ ማኔጅመንት አዲስ ክፍል ለመፍጠር ይሞክራል። ዊንዶውስም «ዲስኩን ወደ ዳይናሚክ ልቀይረው ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣለታል። እዚህ ላይ «እሺ» የሚለውን የነካ ሰው ነገሩን አበላሸ ማለት ነው። ዳይናሚክ የዊንዶውስ የራሱ አከፋፈል ነው፤ ሊኑክስ መጫን ጣጣ ይሆናል፤ ወደ ቀድሞው መመለስም ቀላል አይደለም።

መፍትሔው የፋብሪካውን መመለሻ አስቀድሞ በዲቪዲ ወይም በፍላሽ ማውጣት፣ ከዚያ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች፣ ከመመለሻውና ከመመርመሪያው፣ አንዱን ማጥፋት፣ በተገኘው መስመር ላይ ኤክስቴንድድ መፍጠር ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው አቀማመጡ ነው። ሠንጠረዡ የሚቀበለው አንድ ኤክስቴንድድ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ወጥ ቦታ መሆን አለበት። ባዶ ቦታው በሲ እና በመመለሻው መካከል ሆኖ የጠፋው ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለው ከሆነ፣ መስመሩ ይገኛል እንጂ ሁለቱ ቦታዎች አይገናኙም። መጀመሪያ ሥዕሉን በወረቀት ላይ ሳሉት።

ሁለተኛው «ሊኑክስ ከ8 ጊጋ ባይት በላይ ካለ ቦታ አይነሣም» የሚለው ነው። ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። የቀድሞው ባዮስ ዲስኩን የሚያነበው በሲሊንደር፣ በሄድና በሴክተር ቁጥር (በክቡ መስመር፣ በማንበቢያው ራስና በቁራጩ) ነበር። ለሲሊንደር የተሰጠው 10 ቢት ስለሆነ ከ1024 አያልፍም፤ ሄድ እስከ 255፣ ሴክተር እስከ 63። 1024ን በ255፣ በ63 እና በ512 ብታባዙት 8.4 ቢሊዮን ባይት አካባቢ ይመጣል። ሊሎ የሚባለው የድሮው ቡት ሎደርም በዚህ መንገድ ብቻ ስለሚሄድ ከርነሉ ከ1024ኛው ሲሊንደር ወዲያ ከሆነ ያቅተው ነበር። ግን ይህ የ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ታሪክ ነው። በዚያው አሥርት ዓመት አጋማሽ ላይ ባዮሶች ዲስኩን በተራ ቁጥር የሚያነብ አዲስ ጥሪ ማግኘት ጀመሩ፤ ሊሎም በ2000 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ተቀበለ። ዛሬ ባሕር ዳር ጠረጴዛ ላይ የሚገኝ «አሮጌ» ኮምፒውተር በአብዛኛው ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ነው። የ8 ጊጋው ገደብ አይነካውም።

እሱን ሊነካው የሚችለው ገደብ 137 ጊጋ ባይት ነው። ቀደም ያለው የዲስክ አድራሻ 28 ቢት ነበር፤ 2 በ28 ከፍ ሲል 268 ሚሊዮን ሴክተር ያህል ነው፣ ያ በ512 ሲባዛ 137 ቢሊዮን ባይት ይሆናል። በ2002 እ.ኤ.አ. አካባቢ አድራሻው ወደ 48 ቢት ቢያድግም ከዚያ በፊት የወጡ ማዘርቦርዶች፣ ከዚያ በኋላም አንዳንድ ባዮሶች ወደ ኋላ ቀሩ። ዊንዶውስ ኤክስፒ ራሱ ሰርቪስ ፓክ 1 እስኪመጣ ድረስ ከዚህ ወሰን ወዲያ በትክክል አያነብም ነበር፤ ያለ ሰርቪስ ፓኩ ትልቅ ዲስክ ላይ መጫን ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። ይኼኛው አደጋ እውነተኛ ነው፤ ምንጩ ግን ሊኑክስ አይደለም።

ጸሐፊው እንደ ዋና ማስረጃ ያቀረቡትም በዚህ የሚፈታ ይመስለኛል። አንድ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ ለወራት በደንብ ሲሠራ ቆይቶ አፕዴት ከተደረገ በኋላ ግሩብ የተባለው የሊኑክስ ቡት ሎደር «አውት ኦፍ ዲስክ» (ከዲስኩ ውጪ) እያለ እንደቆመ ጽፈው፣ «አሮጌ ዲስክ እንዲህ ነው፣ ሳይታሰብ ይከዳል» ብለው ደምድመዋል። ዲስኩ ግን የከዳ አይመስልም። ሊኑክሱ 250 ወይም 320 ጊጋ በሆነ አንድ ትልቅ ክፍል ላይ ከተጫነ፣ የመጀመሪያው ከርነል ዕድል ቀንቶት ከ137 ጊጋ በታች ሊያርፍ ይችላል። አፕዴት ሲመጣ አዲሱ ከርነል በተገኘው ባዶ ቦታ ላይ ይጻፋል፤ ያ ቦታ ከወሰኑ ወዲያ ከሆነ ባዮሱ አያየውም። ትናንት የተነሣው ዛሬ አልነሣ ያለው ለዚህ ነው። ከግሩብ ዝርዝር ላይ የቀድሞውን ከርነል መርጦ ማስነሣት ይህን በደቂቃ ውስጥ ያጣራል።

መድኃኒቱም ርካሽ ነው። የከርነል ፋይሎች የሚቀመጡበትን ቡት የሚባለውን ማውጫ ለብቻው አንድ ጊጋ ባይት በማይሞላ ክፍል ላይ፣ ከዲስኩ መጀመሪያ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ባዮሱ ማንበብ ያለበት እሱን ብቻ ነው። የቀረው ሊኑክስ 200ኛው ጊጋ ላይ ቢተኛም ከርነሉ በራሱ ድራይቨር ይደርስበታል። የድሮው ሠንጠረዥ የሚችለውን ትልቁን የዲስክ መጠን፣ የ2.2 ቴራ ባይቱን ወሰን፣ ጸሐፊው ለምን እንዳነሡት አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜ ላይ ባለ ላፕቶፕ ውስጥ የምናገኘው 160፣ 320፣ ቢበዛ 500 ጊጋ ነው።

ሦስተኛ፣ «ዊንዶውስ በድጋሚ ሲጫን ሊኑክስን ያጠፋዋል» የሚለው። የሚያጠፋው ሊኑክስን ሳይሆን ወደ ሊኑክስ የሚወስደውን መንገድ ነው። ዊንዶውስ ሲጫን እነዚያን 446 ባይቶች ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ ኮድ ይተካል። ሊኑክሱ በክፍሉ ውስጥ ከነፋይሉ አለ። ከፍላሽ ላይ የቀጥታ (ሳይጫን የሚሠራ) ሊኑክስ አስነሥቶ፣ የተጫነውን ክፍል ማውንት አድርጎ (ከፍቶ አያይዞ)፣ በግሩብ ኢንስቶል ትእዛዝ ማስነሻውን መመለስ ነው። ትእዛዙ የሚሰጠው ለሙሉው ዲስክ፣ ማለትም ለኤስዲኤ ነው፤ ቁጥር አስከትሎ ለአንዱ ክፍል የሰጠ ሰው «ሠራሁት፣ አልተስተካከለም» እያለ ይውላል። ዊንዶውሶችን በተመለከተ ደግሞ የቆየውን ማስቀደም ነው፦ ኤክስፒ፣ ከዚያ 7፣ ከሁሉም በኋላ ሊኑክስ።

እርግጥ በጥገና ቤት ውስጥ ሊኑክስ በእውነት የሚጠፋበት ሁኔታ አለ። ፎርማት የሚያደርገው ልጅ በመጫኛው ላይ ያሉትን ክፍሎች በሙሉ ሰርዞ ዲስኩን አንድ ሲ እና አንድ ዲ ካደረገው በኋላ «ዊንዶውስ አጠፋብኝ» ቢባል ልክ አይሆንም። ዊንዶውስ የሊኑክስን ክፍል ስለማያውቀው ስም የሌለው ባዶ ነገር አስመስሎ ያሳየዋል፤ ልጁም ትርፍ ቦታ መስሎት ይሰርዘዋል። ላፕቶፑን ስታስረክቡ «ከሲ ውጪ አንዱንም እንዳትነካ» በሉት።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። ሊኑክስ ሰልችቶት ከዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ክፍሉን የሰረዘ ሰው ኮምፒውተሩን ሲያበራ ጥቁር ስክሪን ላይ «ግሩብ ሬስኪው» የሚል ጽሑፍ ይገጥመዋል። ዊንዶውሱ አልተነካም። የግሩብ ዋናው አካል የሚቀመጠው ከመጀመሪያው ሴክተር በኋላ፣ ከመጀመሪያው ፓርቲሽን በፊት ባለች ክፍተት ውስጥ ነው፤ በድሮ አከፋፈል ክፍተቷ 62 ሴክተር፣ 31 ኪሎ ባይት ብቻ ነበረች። ይህ አካል ቀሪ ፋይሎቹን የሚፈልገው ከተሰረዘው ክፍል ስለሆነ ባዶ ሲያገኝ ይቆማል። ከዊንዶውስ 7 ዲቪዲ ተነሥቶ ቡትሬክ በሚባለው ትእዛዝ የዊንዶውስን ኮድ መመለስ ያስተካክለዋል። አንዳንድ ፈቃድ የሚቆጣጠሩ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችም ሳይፈቀድላቸው በዚያች ጠባብ ክፍተት ውስጥ የራሳቸውን ምልክት ይጽፋሉ፤ ግሩብ ያለ ምክንያት ተበላሸ ሲባል ከሚጠረጠሩት አንዱ ይኼ ነው።

የሰዓቱ ነገር አጭር ነው። ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት ያነበዋል፤ ሊኑክስ እንደ ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት። እኛ ከዚያ መነሻ 3 ሰዓት ስለምንቀድም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በተሸጋገርን ቁጥር ሰዓቱ ልክ በሦስት ሰዓት ይዛባል። ልዩነቱ ሦስት ሰዓት ከሆነ ባትሪ አትግዙ፤ ሊኑክሱ እንደ ዊንዶውስ እንዲያነብ በአንድ ትእዛዝ ይስተካከላል። ኮምፒውተሩ ተነቅሎ ሲያድር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ግን ባትሪው ሞቷል።

እስካሁን ያሉት ነጥቦች ጊዜ ቢያባክኑ እንጂ ጉዳት አያስከትሉም። ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ግን ፋይል ያስጠፋሉ።

ዲስኩን ወደ ጂፒቲ መቀየር በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ጥሩ ምክር ነው፤ ጂፒቲ እንደተለመደው ለ128 ክፍሎች ቦታ አለው፣ አራት መስመር የሚባል ነገር የለበትም። ችግሩ ዊንዶውስ ከጂፒቲ ዲስክ የሚነሣው ባዮስን በተካው በዩኢኤፍአይ በኩል ብቻ መሆኑ ነው። ጸሐፊው የሚያወሩላቸው ኮምፒውተሮች ደግሞ ባዮስ ብቻ ያላቸው ናቸው። 32 ቢቱ ኤክስፒ ጭራሹን የጂፒቲ ዲስክ ማንበብ አይችልም። ግሩብ በባዮስ ላይም ቢሆን ከጂፒቲ ይነሣል፣ 1 ሜጋ ባይት የሆነች ልዩ ክፍል ከተሰጠችው። እንግዲህ ምክራቸውን የተከተለ ሰው ሊኑክሱ ይነሣለታል፣ ዊንዶውሱ ቀረ። ሁለቱን ለማኖር የተሰጠ ምክር አንዱን ይገድላል ማለት ነው። ከመጀመሪያውም ክርክራቸው «አንዱን ምረጡ» ስለነበር ምናልባት አይከፋቸው ይሆናል!

512 ባይት መገልበጥም እንዲሁ። ሎጂካል ክፍሎች በመጀመሪያው ሴክተር ውስጥ አልተጻፉም። እዚያ ያለው ኤክስቴንድዱ የት እንደሚጀምር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ሎጂካል በራሱ መነሻ ላይ የራሱ ትንሽ ሠንጠረዥ አለው፣ ያ ደግሞ ወደ ቀጣዩ ይመራል። ሰንሰለቱ ከተበጠሰ ያስቀመጣችሁት 512 ባይት ስለ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም። የባሰው ደግሞ ሲመለስ ነው። ቅጂውን ካስቀመጣችሁ በኋላ ክፍሎቹን አሳንሳችሁ ወይም ጨምራችሁ ከነበረ፣ 512ቱን መመለስ የዱሮውን ሠንጠረዥ በአዲሱ ላይ ይጭነዋል። የማስነሻ ኮዱን ብቻ የሚፈልግ ሰው 446 ባይት ይመልስ፤ ከዚያ በላይ አይሂድ። ሠንጠረዡን ማስቀመጥ የፈለገ ደግሞ ኤስኤፍዲስክ በሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ሎጂካሎቹን ጨምሮ በጽሑፍ ማውጣት ይችላል፤ ወረቀት ላይ እንኳ ሊታተም የሚችል ነገር ነው። ፋይሉ ግን በፍላሽ ላይ ይሁን፤ እዚያው ዲስክ ላይ የተቀመጠ ባክአፕ ዲስኩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሠንጠረዡ ቀድሞ ከጠፋ ደግሞ ምንም አዲስ ነገር ሳይጫን ቴስትዲስክ በሚባለው ፕሮግራም ክፍሎቹን መፈለግ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ የምስማማበት አንድ ቦታ ቢኖር ክፍል ማሳነስንና ማንቀሳቀስን መፍራታቸው ነው። የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ቢሆንም መብራት ይሄዳል፤ የክፍል መነሻ ወደፊት ወይም ወደኋላ እየተገፋ ሳለ የሄደ ከሆነ ግማሹ ፋይል አዲሱ ቦታ፣ ግማሹ አሮጌው ላይ ይቀራል። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አይሞከር። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው በእውነት የሚይዝ መሆኑ ይታይ፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪ መቶ በመቶ አሳይቶ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ብዙ ነው። ሲን ማሳነስ ካስፈለገ በራሱ በዊንዶውስ አሳንሱት፣ ከመጨረሻው በኩል ብቻ፣ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ከገለበጣችሁ በኋላ። ዊንዶውስ 8 ወይም 10 ከሆነ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን አጥፉ፤ እሱ ካለ «ዝጋ» ስትሉት ግማሽ እንቅልፍ ነው የሚተኛው፣ ሊኑክስም ሲን ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል፣ ወይም ጨርሶ አልከፍትም ይላል። ሃይበርኔት የተደረገ (ሥራው ዲስክ ላይ ተቀምጦ የተኛ) ዊንዶውስ ላይም እንዲሁ፤ በግድ ከፍቶ መጻፍ ፋይል ያበላሻል።

ስለዚህ ባለ 320 ጊጋው፣ ባዮስ ብቻ ያለው፣ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ላፕቶፕ ቢመጣልኝ የማደርገው ይህ ነው፦ የመመለሻውን ዲቪዲ አውጥቼ ክፍሉን አጠፋለሁ፤ ሲን ወደ 120 ጊጋ አካባቢ አሳንሳለሁ፤ ከሲ ቀጥሎ ኤክስቴንድድ፣ በውስጡ በመጀመሪያ ቡት፣ ቀጥሎ 40 ጊጋ የሊኑክስ ሥር፤ የቀረውን ሁለቱም ሲስተሞች የሚያነቡት የዊንዶውስ የፋይል አደረጃጀት፣ ኤንቲኤፍኤስ፣ አድርጌ የሱቁን ሒሳብና የትምህርቱን ፋይል እዚያ አኖራለሁ። ቡት ከ137 ጊጋ በታች ወደቀ፣ ዊንዶውስ ፕራይመሪውን ያዘ፣ ከአራቱ መስመሮችም አልተላለፈም። ፕሮሰሰሩ 32 ቢት ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ገደብ አለ፦ ኡቡንቱ ለእሱ መጫኛ ማውጣት ካቆመ ቆይቷል፤ ዴቢያንም በ2025 እ.ኤ.አ. ከወጣው 13ኛው ጀምሮ መጫኛ የለውም። ለዚያ ማሽን ዴቢያን 12ን አውርዱ።